ፊት ማቅያው ይቅርብን

ለማስተማር ልምምድ ልንወጣ ስንል መኝታ ቤታችን የውበት ሳሎን ሆኖ ሰነበተ። እኔም ጀማሪ ነኝ። አንዲት ጓደኛዬ ፊት ያቀላል የተባለ ቅባት አመጣች፤ ብልቃጡ ላይ ምን እንደገባበት አንድም ቃል የለም። እንዲህ ያለው ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ለጊዜው ያቀላና ኩላሊት ይጎዳል። በ2006 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት የከለከለውም ለዚህ ነው። «እህቴ፣ ይቅርብሽ» ብላት «ቀንተሽ ነው» አለችኝና ተኮራረፍን። ይሁን! መልካችን ምን ሆነና ነው የሚቀላው?

ኩሉም ቢሆን የእርሳስ ማዕድን ያለበት አለ። ለእኔ የበቃኝ ለስላሳ ሳሙና፣ ፊቴ ሳይደርቅ ስስ ቫዝሊን፣ ለቀትር ፀሐይ ጃንጥላ ነው። አዲስ ቅባት ሲገኝ ክንዴ ላይ ጥቂት ቀን እሞክራለሁ። ጠመኔ እጅ ያደርቃል፤ ከክፍል ስወጣ ታጥቤ እቀባለሁ። ወንዶቹም ብትሆኑ እስቲ እጃችሁን እዩት።