አሮጌው ፒያኖ

ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ዐይናችሁ አስቀድሞ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ዕቃ ላይ ነው። የእኔም እንዲሁ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ተማሪዎቼ ባዋጡት ገንዘብ ለትምህርት ቤታችን ፒያኖ እንድገዛ ተላክሁ። ሻጩ ያሳየኝ ዕድሜ ጠገብ ነበር፤ እንጨቱ ተወልውሎ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል፤ 52ቱ ነጫጭ ቁልፎች የዝሆን ጥርስ ለብሰዋል፤ ከ36ቱ ጥቋቁሮችም አንድ የጎደለ የለም። ሻጩ ሁለት ሦስቱን ቢነካካ ድምፁ መደብሩን ሞላው። ገዛሁት።

ወር ሳይሞላው ቅኝቱ ወረደ። የተጠራው ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አሳየኝ። ቁልፉ ሲነካ ሱፍ የለበሰ ትንሽ መዶሻ ተነሥቶ አውታሩን ይመታል። ከ200 የሚበልጡት አውታሮች የተጠመጠሙት በወፍራም እንጨት ውስጥ በተተከሉ የብረት መቃኛዎች ላይ ነው። ይህ እንጨት በዕድሜ ብዛት ደርቆ ከተሰነጠቀ መቃኛው መያዣ ያጣል፤ አውታሩም ይረግባል። የእኛም ፒያኖ ነገር ይኸው ነበር።

ሻጩን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን ክዳኑን ክፈትልኝ አላልሁትም፤ ክራር ስገዛ እንኳ መቃኛውን ሳላዞር ገንዘብ የማልከፍለው ሰውዬ! ለተማሪዎቼ ይህንኑ ስነግራቸው፣ የቁርስ ሳንቲሙን ያዋጣው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም።