የሥዕል ክፍለ ጊዜና ቀይ አፈራችን

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም እስከ ቆጋ ወንዝ ዳር ባሉት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ የሥዕል ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር «ቀለም የለም» ሲባል ስሰማ ልቤ እጅግ ያዝናል፤ አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን ሲጽፉ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት እየበጠበጡ፣ ብዕሩን ከመቃ እየቀረጹ፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ እየለዩ፣ በመጽሐፉም ራስ ላይ ሐረግ የሚባለውን ጌጥ እየሣሉ ነበርና። ሕፃናቱስ ከሰል አድቅቀው፣ ቀዩን አፈር በውኃ በጥብጠው፣ እንዳይረግፍም ጥቂት የግራር ሙጫ ጨምረው፣ በአሮጌ ካርቶን ላይ የየራሳቸውን ሐረግ ቢሥሉ ማን ይከለክላቸዋል?

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዐት፣ በዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንደሚታየው፣ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን በጎን መሣላቸውን መምህሩ ቢተርክላቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ ጓደኛውን በሁለት ዓይን ለመሣል ሲጣጣር ማየት ምንኛ ያስደስታል!

ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲያቋቁሙ ላይኛውን እርከን ሠርተውልናል፤ የሰባት ዓመቱ ሕፃን የሚረግጠው ታችኛው እርከን ግን ገና የእኛን እጅ ይጠብቃል። በአካባቢያችን የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ሞክሩት፤ የልጆቹንም ሥራ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ከዚህ በታች ብትለጥፉልኝ፣ አንድ በአንድ በፍቅር እመለከተዋለሁ።