የዘይቱ ልክ

ባለቤቴ ከኋላዬ ተቀምጣለች። ከወላይታ ሶዶ ገበያ ወደ ቤታችን የሚወስደውን ዳገት እየወጣን ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሳለን ሞተሩ በድንገት ጮኸ፤ ጎማው ግን ኃይል አጣ። ማርሹ በራሱ ጊዜ ወጥቶ ፎሌ ሆኖ ነበር። ሞተር ሳይክሏ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን ጨምድጄ፣ በሁለት እግሬ መሬቱን ተደግፌ አቆምኳት። ከኋላችን ሲመጣ የነበረው ባጃጅ ለጥቂት ነው የሳተን።

ባለቤቴ ወርዳ ቀሚሷን አራገፈች፤ የፈሰሰውን ቲማቲም ለቃቀመች። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ለመሆኑ ዘይቱን የቀየርከው መቼ ነው?»

«በቅርቡ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነበር። ዘይቱን ከቀየርኩት ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሞተር ሳይክሏ ብዙ እጅ ከተለዋወጠች በኋላ የገዛኋት ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። የሆንዳ ኩባንያ ይህን ዓይነት ሞተር ሳይክል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሠራው፣ መንገዱ አስቸጋሪ ለሆነባቸውና ጋራዥ እንደ ልብ ለማይገኝባቸው አገሮች አስቦ ነው። ችግር ትችላለች። የእኔም ጥፋት የጀመረው ከዚሁ ነው፤ ቻይ ስለሆነች ቸል አልኳት።

ምልክቶቹ ግን ቀደም ብለው ታይተው ነበር። አንደኛ ማርሽ ሳስገባ «ጓ!» ትላለች። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቆም ፎሌ አልገኝ ይለኛል። እኔም እንቢ ያለኝን ማርሽ በእግሬ እየረገጥኩ በግድ አስገባው ነበር። ዳገቱ ላይ የደረሰብን እንግዲህ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም።

በማግሥቱ የወሰድኩበት መካኒክ ጥቂት ነድቶ ካያት በኋላ «ሞተሩ ተከፍቶ ካምቢዮው በሙሉ መለወጥ አለበት» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ለባለቤቴ ነገርኳት። በዚያው ወር ዕቁብ ደርሷት ነበር፤ ገንዘቡም ለልብስ ስፌት መኪና መግዣ የታሰበ ነው። ማታ ብሩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «ከመሞት ይሻላል፤ አሠራት» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጎረቤታችን ጋሼ በወጣትነታቸው ብዙ ዓመት በመካኒክነት የሠሩ ሰው ናቸው። በነጋታው ሄጄ አማከርኳቸው። «ልጄ፣ ገንዘብ የሚጠይቀውን ከመንካትህ በፊት ገንዘብ የማይጠይቀውን እንይ» አሉኝና ግቢያችን መጡ።

በመጀመሪያ የፍሪሲዮኑን እጀታ ያዙ። እጀታው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው ያለ ሥራ መንቀሳቀስ ያለበት። የእኔ አራት ጣት ያህል ይላወስ ነበር። ካቦው ከመጠን በላይ ስለላላ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ብስበውም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። ፎሌ አልገኝ ያለውና ማርሽ ሲገባ የሚጮኸው በዚህ የተነሣ ነበር። «አደራ፣ በጣም እንዳታጠብቀውም!» አሉኝ፤ «ከጠበቀ ደግሞ ሸራው መንሸራተት ይጀምርና ተቃጥሎ ያልቃል።»

ቀጥለው «ዘይቱን እናውርደው» አሉ። ዘይቱ ቀጥኖ ከነቆሻሻው እንዲወርድ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥተን አሞቅነው፤ ከዚያም አጥፍተን ከሥሩ ሳፋ አደረግን። ባለቤቴ ባትሪ ይዛ ታበራልን ነበር። የማፍሰሻው ቡሎን ሲፈታ የወረደው ነገር ቀለሙ ከሰል፣ ቅጥነቱ ውኃ ነው። ጋሼ በባዶ የአንድ ሊትር ጠርሙስ እንድንለካው አዘዙ። ይህች ሞተር አንድ ሊትር ገደማ ነው የምትይዘው። ከእርሷ የወጣው ግን ጠርሙሱን እስከ ግማሽ እንኳ አልሞላውም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ቀጥላም እኔን አየች። ጋሼ ጎንበስ ብለው የወንፊት ማጣሪያውን በቤንዚን ያጥባሉ።

«በቅርቡ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው» አልኳት። «ዓመት አልፎታል። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«አውቄ ነበር» አለችኝ። «የዘይት መግዣ ብለህ የወሰድከውን ብርም አስታውሳለሁ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

ጋሼ የሰሙ አልመሰሉም። ማጣሪያውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አሳዩን። እንደ ብናኝ የደቀቀ የብረት ብልጭታ ነበረበት። «ይህ ባረጀ ሞተር ያለ ነው፤ ቁርጥራጭ ብረት ግን ቢገኝ ኖሮ አሁኑኑ ይከፈት እል ነበር» አሉ። የዘይቱንም ነገር አስረዱን። በመኪና ላይ የሞተሩና የካምቢዮው ዘይት ለየብቻ ነው። በእንዲህ ያለች ሞተር ሳይክል ግን ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የፍሪሲዮኑን ሸራ የሚያገለግለው አንድ ዘይት ነው። ዘይቱ ሲያንስና ሲቃጠል ሦስቱም አብረው ይጎዳሉ። ለመኪና ተብሎ የተሠራ አንዳንድ ዘይት ደግሞ ማንሸራተቻ ቅመም ስላለበት ሸራውን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ገዛን። ቡሎኑን አዲስ ሮንዴላ አድርገንለት፣ የአሉሚኒየሙ ጥርስ እንዳይበላ ሳንጨክንበት አጠበቅነው። ዘይቱን ሞልተን ሞተሩን ጥቂት አሠራነውና አጠፋነው። ከደቂቃዎች በኋላ ሞተር ሳይክሏን ቀጥ አድርገን አቁመን፣ መለኪያውን ሳናጠብቀው ከተትነውና ልኩን አየን።

በማግሥቱ አንደኛ ማርሽ ያለ ጩኸት ገባ፤ ፎሌም በእግር ጣት ንክኪ ተገኘ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልፎ አልፎ መውጣቱን አልተወም። ጋሼን ስጠይቃቸው «ዘይት ብረት እንዳይበላ ይከላከላል እንጂ የተበላውን አይመልስም» አሉኝ። በግድ እየረገጥኩ ያስገባሁት ማርሽ ጥርሱ ጠርዙን ጨርሶ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴን ዳገት ላይ ከኋላዬ አላስቀመጥኳትም። ከራሴ ደመወዝ ለአራት ወር አጠራቀምኩና ሞተሩን አስከፈትኩ። የተለወጠው የሁለተኛው ማርሽ ጥርስና እርሱን የሚገፋው ሹካ ብቻ ነበር፤ ወጪውም መጀመሪያ ከተጠራልኝ ዋጋ በጣም ያነሰ ሆነ። የዕቁቡ ብር የስፌት መኪናውን ገዛ፤ ዛሬም ማታ ማታ ድምፁን እሰማለሁ።

አሁን በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት እቀይራለሁ፤ ልኩንም በየሳምንቱ አያለሁ። የወረደውን ዘይት ቦይ ውስጥ አልደፋውም፤ በጀሪካን አጠራቅሜ ጋራዥ አደርሰዋለሁ። ዘይት የቀየርኩበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን የምጽፍበት ደብተር የሚቀመጠው ባለቤቴ የቤቱን ወጪ ከምትመዘግብበት ደብተር ጎን ነው። እንዲያ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ እኔን ከወጪው ይልቅ ያሳፈረኝ «በቅርቡ ነው» ያልኳት ቃል ነው። እንቢ ያለውን ማርሽ በግድ እየረገጥኩ ባሳለፍኩት ዓመት፣ ከባለቤቴ ጋር የነበረኝም ንግግር እንዲሁ በግድ የሚገባ ሆኖ ነበር። ያን ማታ ጠርሙሱን አይታ ብትቆጣኝ ኖሮ ምናልባት ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። እርሷ ግን ባትሪውን እንደያዘች «በል፣ አዲሱን አምጣውና እንሙላ» ነበር ያለችኝ።