ዝናብ ያጠባቸው ነጥቦች



ባለፈው ዓመት ሑጃጆች አረፋ ላይ በቆሙበት ቀን እኔ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። አክስቴ ከሑጃጆቹ አንዷ ስለነበረች እናቴ ጾሟን ይዛ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳም አለች፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እህቷን ልታይ ነው። ኹጥባው ሳያልቅ ዶፍ ወረደ። ምስሉ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። አባቴ ዲሹን ሊያዞር ጣሪያ ላይ ወጣ። እናቴ ወደኔ ዞራ «አንተ የምትማረው ይሄን አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ነው። በኮርሱ ኤ አግኝቼበታለሁ። ግን ቀመሩን እንጂ ነገሩን አልያዝኩትም ነበርና «ሲያባራ ይመጣል» አልኳት። ይህን ጎረቤታችንም ያውቀዋል። አባባ ዲሹን ስላዞረው ደግሞ ሲያባራም አልመጣም።

ነገሩ የገባኝ ግቢ ተመልሼ ደብተሬን ስገልጥ፣ ሌላ ዝናብ ትዝ ብሎኝ ነው። ልጅ ሆኜ ከመድረሳ ስመለስ ሉሔ ይረጥብ ነበር። በማግስቱ ኡስታዝ ፊት ስቀርብ አሊፍና ላም ደብዝዘውም ይነበባሉ። ባ፣ ታ፣ ሣ፣ ኑንና ያ ግን ቃል መሃል ሲገቡ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቡ ከታጠበ በግምት ታነባለህ፣ ኡስታዝም ያስቆምሃል።

ከሳተላይት የሚመጣውም እንዲሁ ነው። ዜሮና አንድ የሚጻፉት የሬዲዮ ሞገዱን ፌዝ፣ ማለትም ዑደቱ የሚነሳበትን ማዕዘን፣ በመቀያየር ነው። በኪውፒኤስኬ አራት ማዕዘኖች በ90 ዲግሪ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ምልክት 2 ቢት ይሸከማል። በ8 ፒኤስኬ ስምንት ናቸው፤ 3 ቢት ይሸከማሉ፣ ርቀታቸው ግን 45 ዲግሪ ብቻ ነው። ክብ ስላችሁ ለኩት፦ ራዲየሱ 1 ከሆነ በሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከ1.41 ወደ 0.77 ይወርዳል። ምልክቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲደርስ ድሮም ደካማ ነው። በ12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ዝናብ ይበልጥ ያደክመዋል፤ ያኔ ኖይዝ አንዱን ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። ሪሲቨሩ ታን ሣ ብሎ ያነባል። የስህተት ማረሚያ ኮድ አለ፤ ስህተቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ምስሉ ይጠፋል። ሁለት አቅጣጫ ባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ላይ ቢሆን ላኪው ዝናቡን አውቆ ወደ ኪውፒኤስኬ መውረድ ይችላል። የቴሌቪዥን ጣቢያ ግን በእኛ ጣሪያ ላይ እንደሚዘንብ በምን ያውቃል?

ለእረፍት ስመለስ የሪሲቨሩን ሜኑ ከፈትኩ። እናቴ የምታየው ኤችዲ ጣቢያ 8 ፒኤስኬ ነው። ያው የመካ ስርጭት በኤስዲ፣ በኪውፒኤስኬም ነበረ! የዚያን ቀን መልሱ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ሪሞቱ ላይ ነበር።

ዝናብ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ኤችዲው ሲጠፋ ወደ ኤስዲው ቀየርኩላትና ቆሜ አየኋት። ምስሉ አልተቆራረጠም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ጠጋ ብላ ብዙ ካየች በኋላ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አለች። «ግን በዚህኛው እህቴን አለያትም ነበር።»