በውቅያኖስ መካከል አንዲት ነጥብ

ባለፈው ዓመት ለፈተና አጠናለሁ ብዬ ቤተ መጻሕፍት በምመሽበት ሰሞን ዋናው ሥራዬ ካርታ ማየት ነበር። የፍልስፍናው መጽሐፍ ለወጉ ይገለጥና አጠገቡ ያ ጀርባው የተላጠ ትልቁ የዓለም ካርታ ይዘረጋል። ፓሪስን ለንደንን እዘላቸዋለሁ። እኔ የማድነው ማንም የማይጠራውን ስም ነው፤ በረሃ የዋጣት ከተማ፣ በረዶ ላይ የተቀመጠች መንደር፣ ስሟ ከመሬቷ የሚበልጥ ደሴት። እንዲህ ያለ ስም ባገኘሁ ቁጥር ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ገንዘብ ሳገኝ የምሄድባቸው አገሮች መሆናቸው ነው። (ለሳሙና መግዣ የሚበደር ተማሪ የምን ገንዘብ ይጠብቃል ብላችሁ አትጠይቁኝ።)

አንድ ምሽት ጣቴ ደቡብ አትላንቲክ ላይ አንዲት ነጥብ አገኘ። የዝንብ ኩስ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። አልለቀቀም። ከጎኑ በደቃቅ ፊደል ትሪስታን ዳ ኩኛ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ፍልስፍናው ቀረ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ደሴቲቱ በመርከበኛው ስም የተጠራችው ፖርቱጋላዊው ትሪስታን ዳ ኩኛ በ1506 ከሩቅ ስላያት ነው። ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች የቅርብ ጎረቤቷ ሴንት ሄሌና ስትሆን፣ ያቺ «ቅርብ» ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ኬፕ ታውን ላይ መርከብ ተሳፍሮ፣ ባሕሩ ደግ ከሆነ፣ አንድ ሳምንት ገደማ መጓዝ ነው። ደርሰውም ማዕበሉ ከከፋ መሬቱን እያዩ መርከብ ላይ መቆየት አለ። እንግዳ ከመነሣቱ በፊት የደሴቲቱን ምክር ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ነዋሪው 250 እንኳ አይሞላም። መንደራቸው በወግ «የሰባቱ ባሕሮች ኤድንብራ» ትባላለች፤ እነሱ ግን «መንደሩ» ብቻ ነው የሚሏት፤ ሌላ ስለሌለ ከማን ይለዩአት!

መጀመሪያ ያሳቀኝ ንጉሡ ነው። ዮናታን ላምበርት የሚባል አሜሪካዊ ሁለት ሦስት ሰው አስከትሎ ይገባና በ1811 ደሴቶቹ የኔ ናቸው ብሎ ያውጃል፤ ስማቸውንም «የእፎይታ ደሴቶች» ይለዋል። እፎይታው ዓመት ያህል ቆየ። በ1812 ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሰጠመ። ቀጥሎ በ1816 እንግሊዞች ወታደር አሰፈሩ፤ ናፖሊዮን ሴንት ሄሌና ታስሮ ነበርና በዚህ በኩል መጥቶ የሚያስመልጠው እንዳይኖር ነው። ጦሩ በዓመቱ ሲነሣ ዊልያም ግላስ የሚባል ስኮትላንዳዊ አሥር አለቃ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እዚሁ እቀራለሁ አለ። የዛሬዋ መንደር ከሱ ጀመረች። በ1827 ደግሞ እዚያ የነበሩት ወንደላጤዎች አንዱን የመርከብ አዛዥ ሚስት አምጣልን ብለው ከሴንት ሄሌና አምስት ሴቶች አመጣላቸው። ይህንን ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ስተርክ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የመርከቡን አድራሻ የጠየቀም ነበር።

እኔም እንደ ተረት ነበር የያዝኩት። እስከ 1961 ድረስ።

በዚያ ዓመት መሬቷ ስትንቀጠቀጥ ሰንብታ በጥቅምት ከመንደሩ አጠገብ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። 264ቱም ነዋሪዎች በጀልባ ወጡ፤ አንዲት የሆላንድ መርከብ ኬፕ ታውን አደረሰቻቸው፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ። በሳውዝሃምፕተን አቅራቢያ ካልሾት በሚባል የቀድሞ የጦር ሰፈር ቤት ተሰጣቸው። ሥራ አገኙ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ሲኒማ፣ ሐኪም። የማያውቁት ጉንፋን ግን ፈጃቸው፤ አንዳንድ አዛውንቶችም ሞቱባቸው። በ1962 መጨረሻ ትቀራላችሁ ወይስ ትመለሳላችሁ ተብለው ድምፅ ሰጡ። 148 ለመመለስ፣ 5 ለመቅረት።

148 ለ 5! የዓሣ ፋብሪካቸውን ቅልጥ ድንጋይ ውጦታል። ጀልባ የሚያሳርፉበት ዳርቻ ተደፍኗል። የሚመለሱት ወደ ድንች ማሳ፣ ወደ በግ፣ አናቱን ዘወትር ደመና ወደሚጋርደው ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ተራራ ነው። በ1963 ተመለሱ። (እውነቱን ሳልደብቅ፣ ጥቂት ቤተሰቦች ከሦስት ዓመት በኋላ ጠቅልለው ወደ እንግሊዝ ሄደዋል። የደሴት ናፍቆት ሁሉንም እኩል አይዝም።)

ካርታውን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። እናንተዬ፣ እዚህ ላይ ስለራሴ ማውራት ግድ ሆነብኝ።

የት ነው አገርህ ስትሉኝ ደብረ ብርሃን እላለሁ። ውሸት ነው። ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተሄዶ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ፣ የሦስት ሰዓት እግር መንገድ ነው። ጉም የማይለቀው ገደል አፍ። ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ ከበግ ጠጕር የሚሠራ ባና። ስሙን ብነግራችሁ «የት ነው እሱ ደግሞ?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው የማልነግራችሁ። ሴት አያቴ እዚያ ናት። አያቴ ባሏ ሲሞት ብቻዋን አትሆንም ተብሎ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት አመጣናት፤ ከሁሉ በላይ የወተወትኳት እኔ ነበርኩ። ቧንቧው ግቢ ውስጥ፣ ሐኪም ቤቱ በቅርብ። ሦስት ወር ቆየችና መልሱኝ አለች። «እዚያ ምን አለሽና ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ዝም አለች። ስትሄድ ፈተና አለብኝ ብዬ አውቶቡስ ተራ ድረስ እንኳ አልሸኘኋትም። ፈተና አልነበረብኝም።

እንግሊዞቹም ካልሾት ላይ ያንኑ ሳይጠይቋቸው አይቀሩም፤ እዚያ ምን አላችሁ?

ለእረፍት አገር ቤት ወረድኩ። ይቅርታ ማለቱ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ፤ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ስለ ደሴቲቱ አወራኋት። አያቴ ባሕር አይታ አታውቅም። ስልቅ ታደምጣለች፣ እጇ ጠጕር ይፈትላል።

«በግ አላቸው?» አለች።

«አላቸው።»

«ድንችስ?»

«ድንቹማ ዋና ምግባቸው ነው። ሴቶቹም እንዳንቺ ጠጕር ይፈትሉ ነበር።»

«ታዲያ ምኑ ነው የገረመህ?»

መልስ አጣሁ። ስለ እሳቱ፣ ስለ መርከቡ ቀጠልኩላት። ድምፅ የሰጡበት ላይ ሳልደርስ አቋረጠችኝ።

«በጎቹን ለማን ትተው ሄዱ?»

«ለማንም። ሁሉም ነው የወጣው።»

እንዝርቷ ቆመ። «ለማንም?» አለች። «ቶሎ ተመለሱ?»

«ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው።»

«ቆዩ» አለችና እንዝርቷን አሽከረከረች።