ሹሩባ ባሕር ስትሻገር



ስለ ጉዞ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ሐጅ፣ ትምህርት ወይም ሥራ ፍለጋ ነው። እኛ ዛሬ የምናጫውታችሁ ግን ስለ አንዲት ድመት ነው። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ በአውሮፕላን ይዘናት ተሻግረናል። ወሬውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ስለሚስቅ እናንተም ብትስቁ አንቀየምም።

ድመቷ የእናታችን (አላህ ይዘንላቸውና) ነበረች። ግንባሯ ላይ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ወደ ኋላ የሚወርዱ ጥቁር መስመሮች ስላሏት «ሹሩባ» ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅት ከአልጋቸው ግርጌ አልተለየችም። እናታችን ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕዳቸውና ስለ እህቶቻችን የሚናዘዙትን ከተናዘዙ በኋላ፣ «ይቺንም ምስኪን እንዳትጥሏት» አሉን። ያን ጊዜ «እሺ» ማለት ቀላል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ወደ ጀርመን መሄዳችን ሲቆረጥ ነው የዚያች «እሺ» ክብደቷ የታወቀን። የምንኖርበት ቤት የኪራይ ነው፤ ተከትሎን የሚገባው ሰው ደግሞ ድመት አልፈልግም ብሏል።

ጎረቤታችን ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሰው ያልተሻገረውን ባሕር ድመት ልታሻግሩ ነው?» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ቀጥለው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ይህን ገንዘብ ለየቲም ብትሰጡት አይሻልም?» አሉን። ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳን። እውነት ነውና! ስለዚህ አስቀድመን ርካሹን መንገድ ሞከርን፤ ኮልፌ የሚኖሩ አንዲት ዘመዳችን እንወስዳታለን ስላሉን በቅርጫት አድርገን ወስደን ሰጠናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር ተሸጉጣ እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን በመስኮት ወጥታ ጠፋች። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከኛው አጥር ሥር ከስታ፣ አንድ ጥፍሯ ተነቅሎ አገኘናት። ልጃችን ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ እኛም ሂጂ ብለን አልተቆጣናትም።

ከዚያ በኋላ በልጅነታችን ቁርኣን ወዳስቀሩን ኡስታዝ ሄድንና ይህ ወጪ ኢስራፍ ይሆንብን እንደሆነ ጠየቅናቸው። እሳቸው መልሰው፣ «እናንተ ስትሄዱ ማን ያበላታል?» አሉን።

«የሚያበላት አላገኘንም፣ ኡስታዝ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቁኛላችሁ?»

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን፣ በድመት ምክንያት ስለ ተቀጣችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ አስታወሱን። ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው ነው። ሴትዮዋ የተወቀሰችው ድመቷን አስራ ይዛ ሳታበላት፣ ራሷም ወጥታ ከምድር ተባይ እንዳትለቅም ሳትለቃት በመቅረቷ ነው። ኡስታዙ ግን ሐዲሱን ወደ ኛ ጉዳይ አዙረው እንዲህ አሉ፦ «ወስዳችሁ በሣጥን ከዘጋችሁባት አሳሪዎቿ እናንተ ናችሁ። በሩን ከዘጋችሁበት ሰዓት እስከምትከፍቱበት ሰዓት ድረስ ውሃዋም፣ ምግቧም፣ ፍርሃቷም ከናንተ ይጠየቃል። ይህን ከቻላችሁ ሂዱ።» እኛ ፈቃድ ልንጠይቅ ሄደን ሌላ አማና ተሸክመን ተመለስን።

(እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልብሳቸው እጅጌ ላይ የተኛችን ድመት ላለመቀስቀስ እጅጌውን ቆረጡ የሚል ታሪክ በየቤቱ ይወራል። በሐዲስ መድብሎች ውስጥ የሚገኝ አይደለምና ለልጆቻችን እንደ ሐዲስ አድርገን አንንገራቸው። የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ታሪክ ግን አለ። ለውዱእ የቀረበላቸውን ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል አደረጉላት፤ የልጃቸው ሚስት በመገረም ስታያቸው ድመት ነጃሳ አለመሆኗን፣ በቤታችን ከሚዘዋወሩት አንዷ መሆኗን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን ነገሯት። ይህን ታሪክ ለልጃችን ደጋግመን ነግረናታል።)

አሁን ወደ ወረቀቱ ጣጣ እንግባ፤ ድመት ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቢኖር የሚጠቅመው ይህ ነውና።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ድመት የሚጠይቁት ነገር ቅደም ተከተሉ የተቆለፈ ነው። መጀመሪያ 15 አኃዝ የያዘ ማይክሮቺፕ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር፣ በመርፌ ከቆዳዋ ሥር ይገባል። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተባለች። ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሟ ይቀዳና ኅብረቱ ወደ ፈቀደለት ላቦራቶሪ ይላካል፤ በደሟ የተገኘው የመከላከል ኃይል በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ውጤቱ አጥጋቢ ቢሆንም ገና ነው። ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። በመጨረሻም እዚያ ከመድረሷ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ያጸደቀው የጤና ምስክር ወረቀት መውጣት አለበት።

ይህን ሁሉ ስንሰማ መጀመሪያ ተበሳጭተን ነበር። ሆኖም የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው የሚገድል በሽታ ነው፤ ጀርመን ደግሞ በምድር እንስሳት የሚተላለፈውን ይህን በሽታ ከምድሯ አጥፍታ ነጻ መሆኗን ያሳወቀችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። በሽታው በሰውነት ውስጥ ሳይታወቅ ብዙ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ሦስት ወር መጠበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ያጠፉትን በሽታ መልሰው ላለማስገባት ቢጠነቀቁ ምን ይደንቃል?

እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ጥቅምት ላይ በጥድፊያ ወስደን አስከተብናት፤ ቺፑን «በኋላ እናደርገዋለን» አልን። ቺፕ ሳይገባ የተሰጠ ክትባት ግን እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ የተከተበችው ይቺው ድመት ራሷ ለመሆኗ ማስረጃው ቺፑ ነውና። ይህን የተረዳነው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ጥር ላይ ቺፑም ክትባቱም እንደገና፣ የካቲት ላይ ደም መቅዳቱ ሆነ፤ ሦስቱ ወር የሚሞላው በግንቦት ሆነ ማለት ነው። በሚያዝያ ልንነሣበት የነበረው ትኬት በመቀጫ ተቀየረ፤ የቋንቋ ትምህርቱም የመጀመሪያ ሳምንታት አመለጡን። ጥፋቱ የኛው ነው። ተማሪዎቻችንን «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትመልሱ» የምንል መምህራን ራሳችን ሳናነብ መለስን።

«እናንተ ቅደሙና እሷ በኋላ ትላክ» ያሉንም ነበሩ። ነገር ግን ባለቤቱና እንስሳው በአምስት ቀን ልዩነት ውስጥ ካልተጓዙ ጉዳዩ ለንግድ ወደሚገባ እንስሳ ሕግ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም እወቁ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለድመት የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀት አይጠይቅም፤ አንዳንድ ግዛቶችና አየር መንገዶች ግን ይጠይቃሉ። አውስትራሊያ በተቃራኒው እጅግ ጥብቅ ናት፤ ወደዚያ የምትገባ ድመት በለይቶ ማቆያ መክረም አለባት።

የመጠበቂያው ጊዜ በረመዳን ላይ ዋለ። ሐኪሙ አንድ ምክር ሰጥተውን ነበር፦ ሣጥኑን ለጉዞ ቀን አታቆዩት፣ ከዛሬ ጀምሮ በሩን ከፍታችሁ ቤት ውስጥ አኑሩት። ሣጥኑ ደግሞ ውስጡ ቆማ፣ ዞራ፣ ተዘርግታ መተኛት የምትችልበት መሆን አለበት። እኛም ከሳሎኑ ጥግ አኖርነውና የእናታችንን አሮጌ ነጠላ አነጠፍንበት። በሱሑር ሰዓት ሁላችን ስንነሣ እሷም ትነሣለች፤ ልጃችን የሷን ድርሻ በሣጥኑ ውስጥ ታቀርብላታለች። መጀመሪያ አንገቷን ብቻ አስገብታ እየነጠቀች ትወጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ገብታ በላች። ለዒድ አልፊጥር እዚያው ውስጥ ተኝታ አደረች።

አየር መንገዱ ድመት በመንገደኞች ክፍል ስለማይፈቅድ የምትጫነው ከታች ነበር። ልጃችን ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ አየር የሌለበት፣ በረዶ የሆነ ጨለማ መስሏታል። እውነቱን ለመናገር እኛም ከሷ የተሻለ አናውቅም ነበር። ጠይቀን የተረዳነው ግን እንስሳት የሚጫኑበት ክፍል እንደ መንገደኞች ክፍል የአየር ግፊቱም ሙቀቱም የተጠበቀ መሆኑን ነው። አውሮፕላኑ ምንም ያህል ከፍ ቢል በውስጡ ያለው ግፊት ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው እንዲያንስ አይደረግም። ቦሌ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። «ስለዚህ ሹሩባ ሰማይ ላይ የምትተነፍሰው ያንኑ የሰፈሯን አየር ነው» አልናት። ልጃችን እንባዋን ጠርጋ ቁጥሩን በደብተሯ ጻፈችው። ማስተኛ መድኃኒት ስጧት ያሉንም ነበሩ፤ ሐኪሙ ግን እንቢ አሉ። መድኃኒቱ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ያወርዳል፤ እዚያ ታች ደግሞ ምን እንደ ሆነች የሚያያት የለም።

የጉዞው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ምግብ ሰጠናት። የውሃ ማስቀመጫዋን ሞልተን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተን በረዶ አድርገነው ነበር፤ ሲጭኗት አይደፋም፣ ቀስ እያለ ሲቀልጥ ትጠጣዋለች። በቦሌ መግቢያ ላይ ሣጥኑ በመፈተሻ ማሽን ሲያልፍ እሷ ወጥታ በእቅፍ ማለፍ ነበረባት። ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ አድርገንላት ባይሆን ኖሮ ታሪካችን እዚያው ያበቃ ነበር፤ የሻንጣው ጋሪ ሲንኳኳ ደንግጣ ትከሻችን ላይ ወጣች፣ የጥፍሯ ምልክት አሁንም አለ። ከኋላችን የተሰለፉ መንገደኞች ሳቁ። ከጓዟቸው ሁኔታ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ የሚመስሉ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ጠጋ ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻትና፣ «የኔም እናቴ ዘንድ አለች» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኛም የምንላት ጠፋን።

ከዚያ የሣጥኑን በር ዘጋን። «ቢስሚላህ» ብለን ነው የዘጋነው፤ የኡስታዙ ቃል ግን በዚያች ቅጽበት ነው የከበደን። ሠራተኛው በጋሪ ሲወስዳት ድምፅ አላሰማችም።

የሱዳን ሰማይ በጦርነቱ ምክንያት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘግቶ ስለነበር የሄድንበት መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነበር። ሌሊቱን ስለ በረራው የምንነግራችሁ ብዙ የለንም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ተኛ፤ ልጃችን ግን ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ወለሉን ትነካካ ነበር። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት፣ «ከታች ስለሆነች» አለችን። ፈጅርን እዚያው መቀመጫችን ላይ ሰገድን።

ፍራንክፈርት ስንደርስ ሣጥኑን ተረክበን፣ የሚያስመዘግብ ነገር የያዘ መንገደኛ በሚወጣበት በቀዩ በር ወደ ጉምሩክ ሄድን። ወረቀቱን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ሠራተኛዋ የቺፕ ማንበቢያውን በሹሩባ አንገት ላይ አሳለፈችው፤ ማሽኑ ዝም አለ። ደግማ አሳለፈችው፤ ዝም። ቁጥሩ ካልተነበበ ወረቀቱ ሁሉ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ስምንት ወር ሙሉ የሮጥንለት ነገር በዚያ ዝምታ ላይ ተንጠለጠለ። ልጃችን እጃችንን ጨምቃ ይዛ በሹክሹክታ ፋቲሓ ትቀራ ነበር። ሠራተኛዋ ማንበቢያውን ወደ ግራ ትከሻዋ ዝቅ አደረገችው፤ ጢጥ አለ። ቺፑ ከገባበት ቦታ ትንሽ ተንሸራትቶ ኖሯል። አሥራ አምስቱን አኃዝ ከወረቀቱ ጋር እያስተያየች ጮክ ብላ አነበበች፤ ልጃችን ጀርመንኛውን ባታውቅም በቃሏ የያዘችውን ቁጥር በአማርኛ ትከተላት ነበር። ማኅተም ተመታ፤ አልሐምዱሊላህ።

በተከራየናት አንዲት ክፍል ገብተን የሣጥኑን በር ከፈትን። አልወጣችም። ውሃውን ጠጥታዋለች፤ ነጠላው ላይ ተጠቅልላ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ልጃችን ልትጎትታት እጇን ስትሰድ ከለከልናት። መጋረጃውን ዘግተን፣ አሸዋዋን አዘጋጅተን፣ ምግቧን ከበሩ ላይ አኑረን ተውናት። ቀኑ በዚያ አገር የሰኔ ቀን ነውና አይመሽም፤ መግሪብ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው የሚገባው። ስንጠብቅ ልጃችን ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

የቤቱን ዕቃ ገና ስላላወቅን ለውዱእ ውሃ በአንዲት ጎድጓዳ ሣህን ቀድተን መሬት ላይ አኑረን ነበር። እጃችንን ልንታጠብ ስንጎነበስ ከበስተኋላችን የእግር ኮቴ የሌለው ነገር አለፈ። ሹሩባ መጥታ ሣህኑን አሸተተች። ዘንበል አደረግንላት፤ ጠጥታ ስትጨርስ ወደ ልጃችን እግር ሥር ሄደች።