ከእንጦጦ ሥር ለጓሮዬ የመረጥኩት

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአጥሩ ሥር የተከለውን ባሕር ዛፍ ዘንድሮ አስቆረጥኩት። ሥሩ የጎረቤቴን ግንብ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ሲወድቅ ግን አለቀስኩ።

ምን ልተካበት ብዬ ከልጅ ልጄ ጋር ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወጣሁ። ዳገቱ ለጉልበቴ ከበደኝ እንጂ ጽዱና ወይራው መንፈስ ያድሳል።

ኮሶው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ነርስ ሳለሁ ኮሶ ለእኔ መጠኑ ሲበዛ የሚጎዳ መድኃኒት ነበር፤ ስንቱን መክሬበታለሁ! ዛፉ ግን እንዴት ያምራል? ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ናቸው፤ ቀላ ያለው አበባ የሚንዠረገገው ሴቴዋ ላይ ነው። ተመኘሁት፤ ነገር ግን እስከ 20 ሜትር ያድጋል። የእኔ ጓሮ አይችለውም፤ ከጎረቤቴም ዳግመኛ መጣላት አልሻም።

እንዶድም አማረኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ተክል ነው። ፍሬው ግን መርዛማ ነው፤ የአራት ዓመት ሕፃን ደግሞ ያየችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። ተውኩት።

በመጨረሻ በአጥሩ ዙሪያ ጌሾ፣ በበሩ አጠገብ ዳማከሴ ተከልኩ። (ምች የሚለውን ቃል ክሊኒክ ውስጥ ስቃወም ኖሬ፣ ዛሬ ቅጠሉን የማሸው እኔው ነኝ።) ባሕር ዛፉ በነበረበት ጥግ ወይራ አቆምኩ። ወይራ አይቸኩልም፤ እኔም ስልሳ ሰባት ሞልቶኛል።

ልጅቷ በየእሑዱ ከችግኙ ጋር ቁመቷን ትለካለች። እስካሁን እሷ ትበልጣለች።